ለታካሚው ሲባል የሚታጠብ እጅ

(በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ አካባቢ ለነዋሪዎች፣ ለነጋዴዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ)

በመርካቶ ሱቅ ዘግቶ ንግግር ለመስማት መምጣት ኪሣራው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጊዜያችሁን በከንቱ ላለማባከን እሞክራለሁ።

የተጋበዝኩት የጤና ባለሙያዎችን እጅ መታጠብ ስለ ማስተማር እንድናገር ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ በኩል ሳቅ ሰምቻለሁ፤ አልፈርድም። እጅ መታጠብ እናት ለልጇ የምታስተምረው ነገር ነው፤ ዲግሪ የጫነን ሰው እንደ አዲስ ተማር ማለት ያስቃል። እኔ ግን በነርስነት ከሠራሁ በኋላ የሥራ ዘመኔን ያዋልኩት ለዚሁ ነገር ነው፤ ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ አዋላጇን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውንና የጽዳት ሠራተኛዋን እጅ መታጠብ በማስተማር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገውም አንድ ነገር ነው። ቤታችን የተማርነው መታጠብ ለራሳችን ነው፤ ሕክምና ቤት የሚፈለገው ለሌላ ሰው ነው። ሥልጠናዎቻችን ፍሬ የሚያጡት ይህን ልዩነት ሳያስተምሩ እጅ አስተጣጠብን ብቻ ስለሚያስተምሩ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር አሳያችኋለሁ። ቀጥዬ ምክንያቱን፣ ከዚያም የማስተማሪያውን ብልኃት እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ወደ እናንተ፣ ወደ ታካሚዎችና ወደ አስታማሚዎች እመለሳለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ የቀን ግጥጥሞሽ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 5ን የእጅ ንጽሕና ቀን አድርጎ ያከብራል። አምስተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን፤ የሁለት እጅ ጣቶች ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል፤ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ይህን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ እዚህ የተከለው ጣሊያን መሆኑን፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡትም በዚሁ ቀን መሆኑን ሽማግሌዎቻችን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ዓለም ስለ ሐኪም እጅ በሚያወራበት ቀን የእኛ ቢሮዎች ዝግ ናቸው። በዓሉን አልቃወምም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ንግግር ሌላ ቀን ፈልገን ማድረግ አለብን፤ ዛሬ የተገናኘነውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ይዞት ያልመጣ በሽታ እዚያው ሊይዘው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ያመረቅዛል፤ የመድኃኒት መስጫው ቱቦ (ካኑላ) የገባበት ክንድ ያብጣል፤ በደህና የተወለደ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት ያቆማል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ክሌብሴላ የሚባል ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ይገኛል፤ ብዙዎቹን መድኃኒቶች የተላመደ ነው። በእግሩ አይሄድም፣ ክንፍም የለውም። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ከሚጓዝባቸው መንገዶች ዋነኛው የእኛ እጅ ነው።

ታዲያ ባለሙያው ይታጠባል ወይ? ይህን የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ማስታወሻ ይዘው ዋርድ ውስጥ ይቆሙና እጅ መጽዳት የነበረበትን እያንዳንዱን አጋጣሚ ይመዘግባሉ፤ ጸዳ፣ አልጸዳም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሚገኝ የማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲህ ሲቆጥር፣ ከእጅ ንጽሕና ዘመቻ በፊት እጅ የጸዳው በ2.1 በመቶው አጋጣሚ ብቻ ነበር። ሥልጠና ተሰጠ፣ የአልኮል ማሻሻ ተዳረሰ፣ ማስታወሻ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ 12.7 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት የታተመ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት ደግሞ 16.5 በመቶ አግኝቷል። አዲስ አበባን ስናይ ቁጥሩ ስድስት እጥፍ አድጓል ብሎ መደሰት ይቻላል። እኔ ከዕድገቱ ይልቅ ቀሪው ያሳስበኛል፤ ከዘመቻ በኋላም ከ100 አጋጣሚ 87ቱ ላይ እጅ እንደነበረው አለፈ።

ይህን ስትሰሙ ወደ ባልደረቦቼ ዞር ብላችሁ እንዳትገረምሟቸው! ጄኔቫ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውሃው ሃያ አራት ሰዓት ይፈስሳል፤ እዚያ ዲዲዬ ፒቴ የተባለው ሐኪም በ1994 እ.ኤ.አ. ሲያስቆጥር 48 በመቶ ነበር ያገኘው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ድህነት ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አልፈጠረውም። ለዚህ ነው ምክንያቱን ሌላ ቦታ የምንፈልገው።

ምክንያቱን ለማሳየት ቪየና ልውሰዳችሁ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። ወላዶች ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የሚገቡት በቀን ተራ ነው። በተማሪዎቹ ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እጅግ ይበዙ ስለነበር ነፍሰ ጡሮች ወደዚያ እንዳይገቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም በዚህ እንቅልፍ አጣ። በ1847 እ.ኤ.አ. አንድ ወዳጁ ሬሳ ሲመረምር በቢላ ተወጋና ሞተ፤ የራሱ የወዳጁ ሬሳ ምርመራ ወላዶቹን የሚገድለውን ዓይነት ሕመም አሳየ። ተማሪዎቹ ከሬሳ ክፍል ተነሥተው ቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንደሚሄዱ ያን ጊዜ ልብ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሲተረክ የሚዘለል ነገር አለ። ተማሪዎቹ ሬሳ ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ ነበር። ቆሻሻው ሲለቅላቸው ለእነርሱ በቃ፤ ራሳቸውን አጽድተዋል። ሽታው ግን እጃቸው ላይ ይቀር ነበር፤ ከሽታው ጋርም ገዳዩ። ዜመልቫይስ ወደ ወላዷ ከመቅረባቸው በፊት በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 ወላዶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በጁላይ ወደ አንድ ወረደ። ለውጡን ያመጣው ክሎሪኑ ብቻ አይመስለኝም። የመታጠቢያው ሰዓት ተዛወረ፤ ሬሳውን ከጨረሱ በኋላ ለራስ ሲባል ይደረግ የነበረው እናቲቱን ከመንካት በፊት ለእርሷ ሲባል ሆነ።

ዜመልቫይስን ዛሬ እንደ ሰማዕት ያነሡታል። በማስተማር ሥራ ላይ ላለን ግን መጥፎ አስተማሪ ምን እንደሚመስልም ያሳየናል። መጽሐፉን ያወጣው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ። የተቃወሙትን ታላላቅ ሐኪሞች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደበ። ሰውየው ትክክል ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሕሙማን ቤት በ47 ዓመቱ ሞተ። እውነት መያዝና ሰው እንዲቀበለው ማድረግ ሁለት ሥራ ናቸው፤ በሁለተኛው ላይ የምናጠፋው ጊዜ ዛሬም ትንሽ ነው።

የዚያ ዘመን ልማድ አሁንም አለ። በየአገሩ ሲቆጠር ባለሙያዎች ታካሚውን ከነኩ በኋላ ከመንካታቸው በፊት ይልቅ አዘውትረው ይታጠባሉ። ደም ወይም ሽንት ሲነካቸውማ ማንም ሳይነግራቸው ይሮጣሉ። መጸየፍ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የሚያስተምረው ግን ራስን መጠበቅ ብቻ ነው። ንጹሕ የሚመስል እጅ ንጹሕ የሚመስል ቆዳ ሊነካ ሲል ማንም አይጸየፍም። ሕመምተኛውን የሚጎዳው ደግሞ ይህ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ማስተማሩ እንለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠናውን በአምስት ጊዜያት አዋቅሮታል፤ እኔ እነዚህን በአንዲት ነርስ ሥራ ነው የማስተምራቸው። ነርሷ ወደ አልጋው ስትደርስ የታካሚዋን ክንድ ከመያዟ በፊት እጇን ታጸዳለች። የደም ግፊት ለካች። ካኑላ ልታስገባ ነው፤ ንጹሕ ሥራ ስለሆነ ከዚያም በፊት ታጸዳለች። ደም ፈሰሰ፤ ጓንቷን አውልቃ ታጸዳለች። ታካሚዋን ጨርሳ ስትለይም እንዲሁ። አምስተኛው ሰው የሚረሳው ነው። ታካሚዋን ሳትነካ የአልጋውን ብረት፣ ኮመዲኖውን ወይም የግሉኮስ መስቀያውን ብቻ ነክታ ብትሄድ እንኳ ታጸዳለች፤ ታካሚዋ ላይ ያለው ተህዋስ በዙሪያዋ ባለው ዕቃ ላይም አለና። ከአምስቱ ሁለቱ «በፊት» ናቸው፤ ሦስቱ «በኋላ»። እኔ የሥልጠናዬን ግማሽ ጊዜ ለሁለቱ እሰጣለሁ። ሚዛን የለውም የሚሉኝ አሉ፤ እኔም ሚዛን እንዲኖረው አልፈለግሁም።

ስለ ጓንት ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየሱቁ ጓንት አጥልቆ ብር የሚቆጥር፣ በዚያው ጓንት ዕቃ የሚያቀብል ሻጭ አይታችኋል። ሰውየው ተጠብቄያለሁ ብሎ ያስባል፤ ደንበኛው ግን የቀደሙትን ደንበኞች ሁሉ እጅ ይቀበላል። በዋርድም ይኸው አለ። ጠዋት የተጠለቀ ጓንት ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል፣ ካርድ ይገልጣል፣ ስልክ ያነሣል። ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። ስለዚህ ከማጥለቅ በፊትም ካወለቁ በኋላም እጅ ይጸዳል፤ ለእያንዳንዱ ታካሚም አዲስ ጓንት። ለጀማሪ ነርሶች የምነግራቸው፣ ጓንት በእጅ ላይ ሲውል ሰው እጁን ይረሳል ብዬ ነው።

«እንዴት» የሚለው ላይ ደግሞ የመርካቶን ዕቃ እጠቀማለሁ። የብር ኖት እውነተኛነት የምታዩባት ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ መብራት አለች አይደል? እርሷ የእኔም የማስተማሪያ መሣሪያ ናት። በእርሷ ብርሃን የሚያበራ ቅባት አለ፤ ሠልጣኙ እንደ አልኮል አድርጎ እጁን ያሽበታል፤ ከዚያ በጨለማ ሳጥን ውስጥ እጁን ሲያስገባ ቅባቱ የደረሰበት ያበራል፣ ያልደረሰበት ይጠቁራል። ሃያ ዓመት የሠራ ሐኪም አውራ ጣቱ ጠቁሮ ሲያየው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል። አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎች፣ የጣቶች መሐልና የእጅ ጀርባ ሁልጊዜም ይዘለላሉ፤ ታካሚውን በዋናነት የምንነካው ግን በጣት ጫፍ ነው። ቅባቱ ከሌለ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ጓንት ላይ ቀለም ማሸት ይበቃል፤ ቀለም ያልደረሰው ቦታ ራሱ ይናገራል።

አስተጣጠቡ አጭር ነው። መዳፍ ለመዳፍ፣ መዳፍ በሌላው እጅ ጀርባ ላይ፣ ጣቶችን አጠላልፎ፣ የጣቶችን ጀርባ በመዳፍ ውስጥ፣ አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጦ በማዞር፣ በመጨረሻም የጣት ጫፎችን መዳፍ ላይ ማሸት ነው። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በውሃና ሳሙና ማድረቁን ጨምሮ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ አልኮል አይበቃም፤ ሳሙናና ውሃ ግድ ነው። ሰው ሠራሽ ጥፍር በሕክምና ክፍል አይፈቀድም። በረኪና ለወለል ነው፤ ለእጅ አዘውትረው ሲጠቀሙበት ቆዳ ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ተህዋስ ይሸሽጋል። ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን ይማሩታል። መብራቷ ታስደስታለች፤ ነገር ግን በመብራቷ ፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው በማግስቱ ታካሚውን ሳይታጠብ ሊነካ ይችላል። ብዙ ሥልጠና እዚህ ላይ ሰርተፊኬት ሰጥቶ ይቆማል፤ የምቆጨውም በዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው፤ መታጠቢያው የት ነው? አንዲት ነርስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ እጇን ማጽዳት ቢያስፈልጋትና በየጊዜው ወደ ቧንቧ ብትሄድ፣ መንገዱን ሳንቆጥር መታጠቡ ብቻ እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስድባታል። የሰዓቷ ሲሶ ነው። ቧንቧውም በፈረቃ ከሆነ የምታገኘው የጀሪካን ውሃ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ በዓለም ካሉ የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ በሕክምና መስጫ ቦታና በመጸዳጃ ቤት የተሟላ የእጅ ማጽጃ የላቸውም። ፒቴ ጄኔቫ ላይ ያደረገው አልኮሉን ወደ አልጋው ማምጣትና ወደ ኪስ መክተት ነው፤ ሠራተኞቹ ሐሳብ ያዋጡበትን ፖስተርም አለቆቹ ደግፈው ሰቀሉት። በሦስት ዓመት 48 በመቶው 66 ሆነ፤ በሆስፒታሉ የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረዱ። ጥናቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ።

አልኮሉ ከውጭ መምጣት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው አሠራር በሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ የሚቀመም ነው። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፤ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ግሊሰሪኑ ቆዳ እንዳይደርቅ ነው፤ ፐርኦክሳይዱ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ለማጽዳት ነውና ከተቀመመ በኋላ 72 ሰዓት ይቆያል። ውሃ የተጨመረበት ኢታኖል 80 በመቶ ይሆናል፤ ንጹሕ አልኮል ይሻላል ብላችሁ አታስቡ፤ ውሃ ሳይኖር አልኮሉ ተህዋሱን እንደሚገባ አይገድልም። ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት ይሠራል፤ መተሐራና ፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ያመርቱታል። እናም ምክንያት የሚሆነን የአልኮል ማጣት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚጎድለው ጠርሙሱና ክዳኑ ነው፤ በዚህ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ሙስሊም ባልደረቦቼ አልኮል እጅ ላይ ማሸት ይፈቀዳል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ አንዋር መስጊድ ጥላ ሥር የተነሣ ጥያቄ ነውና በቅንነት መመለስ አለበት። መካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የሕግ ሊቃውንት በ2002 እ.ኤ.አ. አልኮል ያለባቸው መድኃኒቶች ለውጭ አካል እንዲያገለግሉ ፈቅደዋል፤ የሳዑዲ ሆስፒታሎችም ይጠቀሙበታል። ኅሊናው ያልተረጋጋ ወንድሜ ወይም እኅቴ ግን ከእኔ ይልቅ የሚያምኗቸውን ሊቅ ቢጠይቁ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣሁ። አልኮሉ ቢኖር፣ አምስቱ ጊዜያት ቢታወቁ፣ መብራቷም ብታሳይ፣ በጠዋት የታካሚዎች ጉብኝት (ራውንድ) ላይ ስፔሻሊስቱ እጁን ሳያጸዳ የመጀመሪያውን ታካሚ ከነካ ከኋላው የተሰለፉት ሬዚደንቶች፣ ኢንተርኖችና ነርሶች ሁሉ ሳያጸዱ ይከተሉታል። መመሪያ በግድግዳ አለ፤ ጤና ሚኒስቴር የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ካወጣም ቆይቷል። ተማሪው የሚያነበው ግን የትልቁን ሰው እጅ ነው። ታዲያ ማን ይንገረው? በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት «እጅዎን አልታጠቡም» አይልም። ይሉኝታ አለ፤ የሥራ ግምገማም አለ። የውጭ አገር የሥልጠና መጻሕፍት «ደፍራችሁ ተናገሩ» ይላሉ። እኔ ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነርስ ማዘዝ ጭካኔ ይመስለኛል፤ እሺ ብላ ወጥታ ምንም አትናገርም።

መውጫውን ያገኘሁት ከማዕድ ነው። በቤታችን ምግብ ሲቀርብ ከቤቱ ታናሽ የሆነው ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ በየእንግዳው ፊት ጎንበስ ይላል። ከታላቁ ይጀምራል። ታላቁ «ቆሻሻ ነህ አለኝ» ብሎ አይቆጣም፤ ተከበርኩ ይላል፣ ይመርቃል። ይህንኑ ወደ ዋርድ ማምጣት ይቻላል። በራውንዱ መጀመሪያ ላይ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ተማሪ ነርስ የአልኮል ጠርሙሱን ይዛ በየአልጋው እግር ሥር ቀድማ ትቆማለች፤ ስፔሻሊስቱ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፣ ሌሎቹም በዕድሜያቸውና በማዕረጋቸው ተራ ይቀበላሉ። አንዲት ቃል አይነገርም፤ ማንም አልተገሠጸም። ይህን በሞከርንባቸው ክፍሎች ከትልልቆቹ ሐኪሞች አንዱም ሲቆጣ አላየሁም፤ አንዳንዶቹ ጠርሙሱ ሲዘገይ ራሳቸው ዞረው ፈለጉት። ነገሩ ሁሉን ይፈታል አልልም፤ ስፔሻሊስቱ ብቻውን ማታ ሲመጣ ጠርሙስ የሚያቀርብለት የለም፤ ጽዳት ሠራተኛዋንም ማንም አያስታጥባትም። ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ «በፊት» የሚለው ይታያል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ መቁጠርና ቁጥሩን ለባለቤቶቹ መመለስ። ያም ሰው የሚቀጣበት የስም ዝርዝር መሆን የለበትም። የክፍሉ ቁጥር በክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ ከዚህ ያለፈ አያስፈልግም። ስም የተጻፈ ዕለት ሰው ለቆጣሪው ሲል መታጠብ ይጀምራል፤ ቆጣሪው ሲወጣም ያቆማል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚ ግማሽ ነርስ ነው፤ ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ይደፋል፣ ልብስ ይቀይራል። ለእርሱ ግን ማንም ሥልጠና አይሰጠውም፤ አንድ ነርስ አምስት ደቂቃ ብትወስድ ይበቃው ነበር። ጠያቂውስ? ከመርካቶ ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ የተራው ነጋዴ ሁሉ ይሄዳል። በሩ ላይ ሲገባም የራሱን ሕመምተኛ ብቻ ማየት ነውር ስለሚመስለው በክፍሉ ያሉትን ሁሉ በየአልጋው እየዞረ «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርሽ» እያለ ይጨብጣል፣ ይስማል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ምርቃቱን ከአልጋው እግር ሥር ሆኖ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ ኮሮና ጊዜ ለምደነው ነበር። የራሳችንን ሕመምተኛ ለመንካት ደግሞ እጃችንን ስንገባም ስንወጣም እናጽዳ።

ሌላው «ተጸየፈኝ» የሚለው ስሜት ነው። ሐኪሙ ታካሚውን ጨብጦ ወዲያው አልኮል ሲያሽ ብዙ ሰው ልቡ ይሰበራል፤ እንደ ለምጻም ቆጠረኝ ይላል። ይህ ስሜት ባለሙያውንም ያሳፍረዋል፤ ታካሚውን ላለማስቀየም ሲሉ በፊቱ እጃቸውን ከማጽዳት የሚቆጠቡ ነርሶች አውቃለሁ። እናንተ ልታግዙ ትችላላችሁ። ባለሙያዋ ወደ እናንተ ስትመጣ እጇን በፊታችሁ ስታጸዳ ካያችሁ «ተባረኪ» በሏት። ካላጸዳች በቁጣ ሳይሆን «እኅቴ፣ እኔም አልኮሉን ላገኝ?» ብላችሁ ጠርሙሱን ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ሲመጣ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ሕመምተኛ ሆናችሁ ይህን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስታማሚው ቢናገረው ይሻላል።

በመጨረሻ ለነጋዴዎቹ የሥራ ጉዳይ አለኝ። ፋርማሲዎች አልኮሉን መቀመም ይችላሉ፤ የሚያስቸግራቸው መያዣው ነው። ከምናለሽ ተራ የተለቀመ የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፤ ሰው ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል፣ ክዳኑንም በአንድ እጅ መክፈት አይቻልም። የምንፈልገው 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በአውራ ጣት የሚከፈት ክዳን ያለው፣ ኪስ ውስጥ ቢገለበጥ የማያፈስስ፣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚሞላ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ለግድግዳ ደግሞ በክርን የሚጫኑት፣ ሞላው በሦስት ወር የማይሰበር መያዣ ያስፈልገናል። ቦምብ ተራ ወይም ዱባይ ተራ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስመጣ ወይም የሚያስመርት ሰው ካለ ስብሰባው ሲያልቅ ያናግረኝ። ምልክትና የአምራች ስም የሌለውን ሳኒታይዘር ግን እባካችሁ አትሽጡ፤ ሜታኖል የተቀላቀለበት ቆዳንም ዓይንንም ይጎዳል፤ የጠጣውን ሊያሳውር ወይም ሊገድል ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ለጥያቄ ነው። በበሩ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ መብራቷና ቅባቱ ተዘጋጅተዋል፤ መሞከር የምትፈልጉ ሰዓትና ቀለበት አውልቃችሁ ቅረቡ። ብር ቆጣሪዎች ቀድማችሁ ብትሞክሩ ደስ ይለኛል፤ የአውራ ጣታችሁን ነገር ከሐኪሞቹ ጋር ማወዳደር እፈልጋለሁ።